የኢትዮጵያና የመስኮብ ወዳጅነት



አንድ መንግሥት ከሌላው መንግሥት ጋራ የፍቅር ውል ሲጽፍ መልካም ቃል አይጐድለውም። ውሉን ያነበበ ሁሉ ሁለቱ መንግሥታት እንደ ወንድማማች የሚፋቀሩ ይመስለዋል። ነገር ግን የመንግሥታት ወዳጅነት የሚመዘነው በቃሉ ውበት አይደለም፤ አንዱ በተቸገረ ጊዜ ሌላው ምን አደረገለት ተብሎ ነው እንጂ። ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ፤ ይኸውም በቀድሞ ዘመን ሰው መስኮብ ይላት የነበረችው ሩሲያ ከኢትዮጵያ ጋራ ያደረገችው ግንኙነት ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት፥ የአውሮፓ ተብለው ካልተጠሩ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱን አገሮች የሚያዋስን ምድር የለም። ሰዎቻቸው ከተያዩባቸው ስፍራዎች አንዲቱ ቅድስት አገር ኢየሩሳሌም ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ላይ የሩሲያው ሊቅ ፖርፊሪ ኡስፔንስኪ በኢየሩሳሌም ተቀምጠው ሳሉ የኢትዮጵያን መነኮሳት አወቁ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያናቸውም ጻፉ። ከዚያም ወዲህ በአፍሪካ ተራሮች ላይ የኦርቶዶክስ ሃይማኖት የያዘ መንግሥት አለ የሚለው ነገር በሩሲያ እየተሰማ ሄደ። በዚህ አሳብ ውስጥ ግን የተዘለለ ነገር ነበረበት። ሩሲያ በ451 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ የተቀበለች ናት፤ ኢትዮጵያ ግን ከእስክንድርያ መንበር ጋራ ሆና ያንን ጉባኤ አልተቀበለችም። ሊቃውንቱ ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር፤ የቀረው ሕዝብ ግን ጾሙን፥ ምንኵስናውን፥ የቅዱሳኑን ሥዕል እያየ እኒህስ ወንድሞቻችን ናቸው ይል ነበር።

በሃይማኖት ስም የሚመጣ ሁሉ ግን ወዳጅ እንዳልሆነ ወዲያው ታየ። በ1881 ዓ.ም. አሺኖፍ የሚባል ሰው የኮሳክ አለቃ ነኝ ብሎ፥ መነኮሳትንና ባለትዳሮችን ከነልጆቻቸው አስከትሎ፥ በጠቅላላው 150 የሚያህል ሰው ይዞ ወደ ታጁራ ባሕር ዳርቻ መጣ። ሳጋሎ በሚባል ስፍራ ግብጾች በተዉት አሮጌ ምሽግ ውስጥ ሰፈረና አዲሲቱ ሞስኮ ብሎ ሰየመው። ፈረንሳዮች ግን ስፍራው የእኛ ነው ብለው በየካቲት ወር በመርከብ መድፍ መቱት። ከሞቱትም መካከል ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሩሲያ መንግሥትም ይህ ሰው ከእኔ አልተላከም ብሎ ካደው። እንዲህ አድርጎ የአንድ ሰው ትምክሕት ንጹሓንን አስፈጀ፤ ለኢትዮጵያም የረባው ነገር የለም።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ 25 ቀን ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋራ የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። በ17ኛው ክፍል ያለው ነገር በሁለቱ ቋንቋ አንድ አልነበረም። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈቅዱ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ከሌሎች መንግሥታት ጋራ መላላክ ይቻላቸዋል ይላል፤ የኢጣልያንኛው ግን በግድ እንዲሆን አድርጎ ተጽፎአል። ኢጣልያም ይህን ይዛ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ውስጥ ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ሩሲያ ግን ይህን ጥበቃ አልተቀበለችም።

በዚያው ወራት ማሽኮፍ የሚባል የሩሲያ መኰንን ወደ ሸዋ ደርሶ ዐፄ ምኒልክን አገኘ፤ ደብዳቤና ገጸ በረከትም ተቀብሎ ለንጉሡ ለእስክንድር 3ኛ አደረሰ። በ1884 ዓ.ም. መልሱን ይዞ ሁለተኛ መጣ። ዐፄ ምኒልክም በ1883 ዓ.ም. የአገራቸውን ወሰን ለይተው ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ ሩሲያን አልዘነጉም። እነዚህ ደብዳቤዎች ከሰላምታ የበለጠ ሥራ ሠርተዋል። ከኢጣልያ ሳያስፈቅድ ለሌላው ንጉሥ ደብዳቤ የጻፈ፥ መልስም የተቀበለ ንጉሥ፥ ራሱን የቻለ መሆኑን በሥራ አስመስክሮአልና።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በ1887 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ዶክተር ኤሊሴየፍና ሌዎንቲየፍ የተባሉ ሩሲያውያን ከጓዶቻቸው ጋራ ወደ ሐረር መጡ፤ ኤሊሴየፍ ከመንገድ ሲመለስ ሌዎንቲየፍ እስከ አዲስ አበባ ዘለቀ። ሲመለስም ዐፄ ምኒልክ መልእክተኞቻቸውን አብረው ሰደዱ። የመልእክተኞቹ አለቃ ፊታውራሪ ዳምጠው ነበሩ፤ ከእርሳቸውም ጋራ ካህን ሄዶ ነበር። በፔተርስቡርግ በብዙ ክብር ተቀበሏቸው፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት በሞቱት በእስክንድር 3ኛ መቃብር ላይ አክሊል አኖሩ፤ ንጉሡ ኒቆላዎስ 2ኛም ፊት ለፊት አነጋገሯቸው። የኢጣልያ መንግሥት በዚህ ተቈጣ፤ ቍጣውም በከንቱ አልነበረም። መልእክተኛው ያለ ሦስተኛ ሰው በንጉሡ ፊት በቆመ ጊዜ የ17ኛው ክፍል ነገር በአደባባይ ፈርሶአልና።

ፊታውራሪ ዳምጠው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ዕድሜ አላገኙም። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ወደቁ። በመልእክት የተናገሩለትን ነጻነት በደማቸው አተሙት። ልጃቸው ራስ ደስታ ዳምጠውም ከ41 ዓመት በኋላ፥ በየካቲት 1929 ዓ.ም.፥ ከዚያው ጠላት ጋራ ሲዋጉ ቆይተው ተያዙና በጥይት ተገደሉ።

የዓድዋ ድል በሩሲያ በተሰማ ጊዜ የቀይ መስቀል ማኅበር ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን ከመድኃኒት ጋራ አሰናዳ፤ አለቃቸውም ጄኔራል ሽቬዶፍ ነበሩ። ወደ ጦርነቱ ስፍራ የሚያቀርበው መንገድ በምጽዋ ነበር፤ ኢጣልያ ግን በዚያ እንዳያልፉ ከለከለች። ስለዚህ በጅቡቲ ወርደው በረሓውን አቋርጠው በሐረር በኩል መጡ። ከእነርሱ ጋራ የነበረው ወጣት መኰንን ቡላቶቪች ለመልእክት ቀድሞ ከጅቡቲ እስከ ሐረር በ90 ሰዓት ያህል በግመል እንደ ደረሰ ይነገራል። ሐኪሞቹም ከፊሎቹ በሐረር ቀሩ፤ የቀሩት በ1888 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ገቡ።

ጦርነቱ ካለፈ አምስት ወር ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ስለዚህ ያገኙት ትኵስ ቍስል አልነበረም፤ የመረቀዘ፥ ጥይቱ በውስጡ የቀረ፥ አጥንቱ ጠሞ የገጠመ ነበር እንጂ። በድንኳን ውስጥ ሆነው የወታደሩን ቍስል አጠቡ፥ ጥይቱን አወጡ፤ ከጦርነት ያልመጣ ሌላ በሽተኛም ደጃቸውን ሞላ። ማኅበሩ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ቢመለስም ሕክምናው አልተቋረጠም፤ የሩሲያ ሐኪም ቤት በአዲስ አበባ እስከ 1898 ዓ.ም. ገደማ ድኻውን ያለ ዋጋ ሲያክም ኖረ። ከእርሱ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ስም የተጠራው ሐኪም ቤት ተሠራ።

ከዚህ በኋላ ግንኙነቱ የቆመ መልእክተኛ አገኘ። በየካቲት 1890 ዓ.ም. ቭላሶፍ የተባሉት የሩሲያ ሚኒስትር የኮሳክ አጃቢ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። እዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን አይገባም። ሩሲያ ሚኒስትር የላከችው ስለ ሃይማኖት ፍቅር ብቻ አይደለም። ከእንግሊዝ ጋራ በእስያ የተነሣ ብርቱ ክርክር ነበራት፤ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄዱት መርከቦቿ በቀይ ባሕር ያልፉ ነበር፤ የተወዳጀቻት ፈረንሳይም በዓባይ ምድር ከእንግሊዝ ጋራ ትሽቀዳደም ነበር። የማትደፈር ኢትዮጵያ በዚያ ስፍራ መቆሟ ለሩሲያ ይጠቅማት ነበር። ኮሎኔል አርታሞኖፍ በ1890 ዓ.ም. ከደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ጋራ እስከ ነጭ ዓባይ የዘለቀው፥ ቡላቶቪችም ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋራ በከፋ በኩል እስከ ሩዶልፍ ባሕር የሄደው በዚህ ዘመን ነው። ሌዎንቲየፍ ደግሞ በደቡብ አገር ሹመት ለማግኘት ሲደክም ኖሮ የገዛ አገሩ ሚኒስትር እንኳ ያላመነው ሰው ሆነ። ቡላቶቪች ግን በኋላ ሰይፉን ትቶ መነኰሰ፤ እንጦንዮስም ተባለ።

ዐፄ ምኒልክ ይህን ሁሉ አይተው እንዳላዩ አልሆኑም። ጠብመንጃውን ተቀበሉ፥ ሐኪሙን አከበሩ፥ ምክሩንም ሰሙ፤ የጥበቃ ውል ግን ለማንም አልፈረሙም። ሃይማኖትን ስለ መቀላቀል ከሩሲያ በኩል የተስፋ ነገር ይነገር በነበረበት ጊዜም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ መንበር አልተለየችም። አቡነ ማቴዎስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ወደ ሩሲያ ሄደው በክብር ተቀብለዋቸዋል፤ እንግድነቱ ግን በፍቅር ተጀምሮ በፍቅር ተፈጸመ እንጂ ሃይማኖት አላስለወጠም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። በዚያ ዘመን ግን በኢትዮጵያ ዙሪያ የነበሩት ጎረቤቶች ሦስቱ የአውሮፓ ኃያላን ነበሩና ሩቁ ዘመድ ይሻል ነበር። የሩቅ ዘመድ ጕድለቱ ግን የራሱ ቤት ሲታወክ መምጣት አለመቻሉ ነው። ሩሲያ በ1896 እና በ1897 ዓ.ም. ከጃፓን ጋራ ተዋግታ ተሸነፈች፤ በውስጧም ሁከት ተነሣ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ በመካከላቸው ሲዋዋሉ ሩሲያ በነገሩ አልነበረችበትም። በ1917 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሆነው አብዮትም የንጉሡ መንግሥት ጠፋ፤ የቀድሞው ግንኙነት ፍጻሜው ሆነ።

ነገር ግን የተዘራው ሁሉ አልጠፋም። ከዓድዋ በኋላ ከሌዎንቲየፍ ጋራ ወደ ሩሲያ ከሄዱት ልጆች አንዱ ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። በዚያ በመድፈኞች ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱ፤ በሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ደከሙ፤ ኢጣልያ እንደ ገና በተነሣችም ጊዜ በዠኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ።

በዚያ ጊዜ በሩሲያ የነበረው አዲሱ የሶቪየት መንግሥት ሃይማኖትን የሚያሳድድ ነበር። ስለዚህ የዱሮው የሃይማኖት ነገር ሊነሣ አይችልም ነበር። የሶቪየት መልእክተኛ በማኅበሩ ፊት ስለ ኢትዮጵያ በብርቱ ተናገረ፤ በኢጣልያ ላይ የተወሰነውንም ቅጣት ደገፈ። ነዳጅ ዘይት ግን በቅጣቱ ውስጥ ስላልገባ ለኢጣልያ መሸጡን አልተወም። ሆኖም ብዙዎች መንግሥታት የኢጣልያን ወረራ ሲያጸድቁ የሶቪየት መንግሥት ካላጸደቁት ጥቂቶች አንዱ ነበር። በሚያዝያ 13 ቀን 1935 ዓ.ም. ግንኙነቱ ታደሰ፤ ከዚያም ወዲህ የሩሲያ ሐኪሞች እንደ ገና በአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ከፈቱ፤ ይህም በደጃዝማች ባልቻ ስም የሚጠራው ነው። ኋላም በ1970 ዓ.ም. የሶቪየት መንግሥት ሲያስታጥቃት የኖረችውን ሶማሊያን ትቶ ለኢትዮጵያ ጦር መሣሪያ አፈሰሰ። ትላንት ለአንዱ የተሰጠው መድፍ ዛሬ በሌላው እጅ መገኘቱ የመንግሥታትን ልብ ያሳያል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ምክር ምንድር ነው? የሃይማኖት መቀራረብ ደጁን ከፍቶአል፤ ይህን መካድ አይገባም። በተከፈተው ደጅ የገባው ግን አንድ ዓይነት ሰው አይደለም፤ አሺኖፍም ገብቶአል፥ ሐኪሙም ገብቶአል። ሁለቱም መስቀል ተሸክመው ነበር። የለያቸው ይዘውት የመጡት ሥራ ነው። ጥቅም ፈልጎ የመጣውንም ቢሆን ማባረር አላስፈለገም፤ የሚፈልገውን ዐውቆ፥ የራስን ሳይለቁ መቀበል በቃ። ዐፄ ምኒልክ ያደረጉት ይህን ነው።

በወንጌል በወንበዴዎች እጅ የወደቀውን ሰው ያነሣው ሳምራዊው እንደ ሆነ ምእመናን ሁሉ ያውቁታል፤ በሃይማኖት ከቍስለኛው የተለየ ሰው ነበር። በጅቡቲ በረሓ ያለፉት ሐኪሞችም በኬልቄዶን ጉባኤ ከኢትዮጵያ የተለዩ ነበሩ፤ ቍስለኛው ግን ስለ ጉባኤው አልጠየቃቸውም፥ እነርሱም አልጠየቁትም። የነገሥታቱ ደብዳቤ በየመዝገብ ቤቱ ተቀምጦአል፤ ያ መንግሥትም አልፎአል። በእነዚያ ሐኪሞች እጅ እግሩ ድኖለት በእግሩ ወደ ቀዬው የተመለሰው ገበሬ ግን ያን ጊዜ የተናገረውን ልጆቹ ሰምተዋል፤ መስኮብ የሚለው ስምም በኢትዮጵያ በመልካም የተጠራው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነው።

በዓድዋ ለወደቁት ለፊታውራሪ ዳምጠውና ለጓዶቻቸው፥ የቀሩትንም ቍስለኞች ላጠቡት እንግዶች፥ እግዚአብሔር ዕረፍተ ነፍስን ይስጥ።