ኮምፒውተራችን ውስጥ ያለው አቧራ

(በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የመጣነው የቁጠባ ሪፖርት ይዘን ሳይሆን ስለ አቧራ ልንነግራችሁ ነው። የሚያስቅ ይመስላል። ነገር ግን የሁላችሁም ቁጠባና ብድር የሚመዘገብበት ኮምፒውተር በዚህ በጋ እየጮኸ፣ እየተንቀራፈፈ፣ አንዳንዴም በሥራ መካከል ራሱ እየጠፋ አስቸግሮን ነበር። «ቫይረስ ነው» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሽፋኑ ሲከፈት የተገኘው ግን ፋኑን እንደ ብርድ ልብስ የሸፈነ አቧራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒውተሩ አንጎል የሚባለው ፕሮሰሰር ሲሠራ ይግላል። በላዩ የተገጠመው ጥርስ ጥርስ ያለው ብረት ሙቀቱን ይቀበላል፤ ፋኑ ደግሞ በአየር ያወጣዋል። በጥርሶቹ መካከል አቧራ ከተጠቀጠቀ አየር አያልፍም። ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበቃውም ይጠፋል። ሴቭ ያልተደረገ ሂሳብም አብሮ ይጠፋል። ወር መዝጊያ ላይ የአንዲት እናት የብድር ክፍያ ገባ አልገባ ብሎ መከራከር ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ጂንካ ከቆላው ከፍ ስለምትል ሙቀቷ ይሻላል። ኦሞራቴና ቱርሚ ያላችሁ ግን ፋኑ የሚያስገባው አየር ራሱ ትኩስ ስለሆነ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል።

ቤት ውስጥ ሌላም ነገር አለ። የቡና ቁሌትና የዕጣን ጭስ አቧራውን ያጣብቀዋል። ቡናውን ተዉ አንልም፤ ማንስ ይሰማናል? ኮምፒውተሩን ከከሰሉ ራቅ አድርጉት። ወለል ላይም አታስቀምጡት፤ መጥረጊያ ያስነሳውን ሁሉ ይስባል። ዳንቴሉ ያምርበታል፤ ግን የሚለብሰው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ስናጸዳ መጀመሪያ አጥፍተን ገመዱን ከሶኬት እንነቅላለን። ከዚያ ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነን የቀረውን ኤሌክትሪክ እናስወጣለን። ልብሳችን ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ዕቃውን ስለሚጎዳ የሳጥኑን ብረት በእጃችን እንነካለን። ጎኑን በካቻቪቴ ከፍተን፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዘን፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ወደ ውጭ እንጠርጋለን። ውኃና እርጥብ ጨርቅ ወደ ውስጥ አይገባም። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕረሰር ማስነፋትም ይቅር፤ ግፊቱ ኃይለኛ ነው፣ ከአየሩ ጋርም ውኃና ዘይት ይወጣል። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበትን ሣጥን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ በፍጹም አትክፈቱት። ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። እሱ ከተበላሸ ለባለሙያ ነው። ላፕቶፕም እንዲሁ።

የማህበሩን ኮምፒውተር ከእንግዲህ በየ3 ወሩ እናጸዳለን፤ ቀኑም እንደማንኛውም ወጪና ገቢ በመዝገብ ይሰፍራል። ካቻቪቴውና ብሩሹ በሂሳብ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ለቤታችሁ የምትፈልጉ ፈርማችሁ ውሰዱ፤ በማግስቱ መልሱልን።