ርካሽ ጌጥና ልጆቻችን
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየመንገዱ ዳር በጥቂት ብር የምንገዛው ብልጭልጭ ሀብልና አምባር፣ አንዳንዱ ውስጡ እርሳስ ወይም ካድሚየም የሚባል መርዛማ ማዕድን ነው። ሠሪዎቹ የሚወዱት ርካሽ በመሆኑና በትንሽ ሙቀት በመቅለጡ ነው። እኛ ደግሞ ከበድ ሲለን «ይሄስ ደህና ዕቃ ነው» እንላለን! ሻጩን ብንጠይቀው እሱም አያውቅ።

እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በአሜሪካ አገር፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ አንድ የ4 ዓመት ልጅ ከጫማ ጋር በስጦታ የመጣች የልብ ቅርጽ ያላት ጌጥ ዋጠ። ቤተሰቡ አላወቀም። ሲያስመልሰው በሐኪም ቤት ተራ የሆድ ሕመም መስሏቸው ወደ ቤት መለሱት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። ጌጧ ስትመረመር 99 በመቶ እርሳስ ሆና ተገኘች።

ከማድረጉ ይልቅ የሚያሰጋው ወደ አፍ መግባቱ ነው። የጨጓራ አሲድ እርሳሱን ያሟሟዋል፤ በደም አድርጎ አንጎልን ይጎዳል። ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይጠባል፤ ባንገቱ ክር ላይ ያሰርንለትን መስቀል እንኳ ሳይቀር። ስለዚህ ምንነቱን የማናውቀውን ጌጥ ለሕፃን አንሰር። ውጧል ብለን ከጠረጠርን ሳንውል ሳናድር ሐኪም ቤት እንውሰደው። «ሆዱን አመመው» ብቻ ብለን ዝም አንበል፤ «ጌጥ ሳይውጥ አልቀረም» እንበል። በራጅ ይታያል።