ሙያ መቀየርና የየቲሙ ዕድል



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ሰው ሁሉ በጀመረው ሙያ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይዘልቅ ዘንድ አልተፈረደበትም። ኢማም አቡ ሐኒፋ (80–150 ዓ.ሂ) በኩፋ ከተማ የሐር ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ታላቁ ዓሊም አሽ-ሸዕቢ የአእምሯቸውን ንቃት ተመልክተው ከዑለማዎች ዘንድ እንዲቀመጡ መከሯቸው። ምክሩን ተቀብለው በሐማድ ኢብኑ አቢ ሱለይማን እግር ሥር ለብዙ ዓመታት ተማሩ። ንግዱን ግን ፈጽመው አልተዉትም፤ ትርፉ ለእርሳቸውም ለችግረኛ ደረሶቻቸውም ስንቅ ሆነ።

ከእነዚያ ደረሶች አንዱ በኋላ አቡ ዩሱፍ (113–182 ዓ.ሂ) ተብለው የታወቁት ናቸው። እንደሚተረከው አባታቸው በሕፃንነታቸው በመሞታቸው እናታቸው ለልብስ አጣቢ በሥራ ሰጧቸው። ልጁ ግን ከሥራው እየሾለከ ወደ ኢማሙ ዘንድ ይሄድ ነበር፤ እናቱም እየተከተሉ ይመልሱት ነበር። እኛ እናቲቱን አንወቅስም፤ የዕለት ጉርሷ የልጇ ደመወዝ ነበርና። ኢማሙ የልጁን ወጪ በመሸፈናቸው ትምህርቱ ቀጠለ። ያ የቲም በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን የመጀመሪያው ቃዲል ቁዳት ለመሆን በቃ፤ ስለ ግብር ሥርዓትም «ኪታቡል ኸራጅ»ን ጻፈ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ሙያ የሚቀየረው ዝንባሌውን የሚያውቅ ሰው ተማክሮ እንጂ በስሜት ተገፍቶ አይደለም። ሁለተኛ፣ አሮጌው ሙያ ተትቶ አዲሱ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ገቢ የሌለበት ጊዜ አለ። አባት ያለው ልጅ ያንን ጊዜ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያልፈዋል፤ የቲም ግን ተሸካሚ ካላገኘ ተሰጥኦው ከማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ይቀራል።

ነገሩ ከሥራ ወደ ትምህርት ብቻ አይደለም። የቀለም ትምህርት ያልሆነለት ወጣት ወደ አናጺነት ወይም ወደ ልብስ ስፌት ቢዞር ወደቀ አይባልም፤ ሐላል ሪዝቅ በብዙ በር ይገባልና።

ስለዚህ አሳዳጊዎች ሆይ! ልጁ «መንገዴን ልቀይር» ሲል ከመቆጣታችን በፊት መምህሩን እንጠይቅ። ለጋሾች ሆይ! የቲሙ አዲስ ሙያ በጀመረበት ወር ድጋፋችንን አናቋርጥበት፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነውና።

አላህ (ሱ.ወ) ሰደቃችንን ይቀበለን፤ ለየቲሞቻችንም የተሻለውን መንገድ ያግራላቸው። አሚን።