ጎረቤትና ድርሻው
ክቡራን አባቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

የሌላውን እምነት ጠልቶ ጎረቤቱን የሚርቅ አለ፤ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ የራሱን የሚያቀልልም አለ። በወሎ ግን ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚሆነውን ከብት ሙስሊም እንዲያርደው ያደርጋል፤ ዕቃውንም ይለያል። ሙስሊሙ ደጋሽም እንዲሁ። በቅሬያቸውም አብረው ይቀብራሉ። ማንም ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ማንም ጦሙን አላደረም። ይህ ልማድ ከብዙ ስብከታችን ይልቅ እንዳስተማረን አንሸሽግም።

እኛም በምንጭ ማጎልበት ሥራችን የምንፈተነው በዚሁ ነው። ውኃው የሚፈልቀው በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቢሆንም፣ ሙስሊሙ ጎረቤት በውኃ ኮሚቴው ካልተቀመጠና ወረፋውን እኛ ብቻ ከወሰንንለት፣ እንግዳ እንጂ ባለድርሻ አላደረግነውም። የኮሚቴያችሁን የስም ዝርዝር ስትልኩልን አስቀድመን የምናየው ይህን ነው።