ስለ አጥንት መጋጠሚያዎችና ስለ አከርካሪ
(በራዲዮ የተነገረ)



ከጧት እስከ ማታ በወንበር ተቀምጦ ደብዳቤ ሲመረምርና ሲጽፍ የሚውል ሰው፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ወገቡን ይዞ «ዛሬስ ሳልንቀሳቀስ ደከመኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። ያደከመውም ምናልባት ይኸው አለመንቀሳቀሱ ይሆናል። ነገሩን ለመረዳት የአጥንት መጋጠሚያዎች አሠራር ምን እንደሚመስል ማወቅ ይጠቅማል።

ሊቃውንት መጋጠሚያዎችን በሦስት ክፍል ይመድቧቸዋል። የመጀመሪያዎቹ የማይንቀሳቀሱት ናቸው፤ የራስ ቅል አጥንቶች እንደ ተሰፋ ልብስ እርስ በርሳቸው ተያይዘው አንጎልን ይጠብቃሉ። ሁለተኛዎቹ ጥቂት ብቻ የሚንቀሳቀሱት ናቸው፤ የአከርካሪ አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩባቸው መጋጠሚያዎች ከዚህ ወገን ይቈጠራሉ። ሦስተኛዎቹ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱት ናቸው። በእነዚህ ዘንድ የአጥንቶቹ ጫፍ ልም አጥንት በሚባል ለስላሳ ነገር ተለብጦ፣ በመካከሉ ቅባት መሳይ ፈሳሽ ይገኛል፤ ዙሪያውንም ጅማት አጥብቆ ይይዘዋል።

የሦስተኛዎቹም ቅርጽ ልዩ ልዩ ነው። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። ዳሌ በሙቀጫ ውስጥ እንዳለ የዘነዘና ራስ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ይዞራል። ብዕር የምንይዝበት የአውራ ጣት ሥር ደግሞ ሁለት ኮርቻዎች ተገለባብጠው የተገጣጠሙ ይመስላል።

በአከርካሪያችን 7 የአንገት፣ 12 የደረትና 5 የወገብ አጥንቶች አሉ፤ ከእነዚህ በታች ያሉት በዐዋቂ ሰው ዘንድ ተጣብቀው ይገኛሉ። ራሳችንን ዝቅ አድርገን «እሺ» ስንል ይበልጡን የሚሠራው የራስ ቅል ከመጀመሪያው የአንገት አጥንት ጋራ የሚጋጠምበት ስፍራ ነው፤ ራሳችንን ወዲያና ወዲህ አዙረን «እምቢ» ስንል ግን የመጀመሪያው በሁለተኛው ላይ ይዞራል። ከሁለተኛው አጥንት ወደ ታች በየመካከሉ ዲስክ የሚባል ትራስ አለ፤ ቍጥሩም 23 ነው። ዲስክ ውጭው ጠንካራ፣ ውስጡ ውሃ የበዛበት ነው። ቀን በሸክም ውሃው ይቀንሳል፤ ሌሊት ስንተኛ ይመለሳል። ስለዚህ ጧት ከማታ ይልቅ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እንረዝማለን።

እነሆ ዋናው ነገር፤ በዐዋቂ ሰው ዘንድ ልም አጥንትም ሆነ የዲስክ ውስጠኛው ክፍል የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከአካባቢው በመስረግ ነው፤ በዚህም መጫንና መላላት፣ ማለትም እንቅስቃሴ ይረዳዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ዲስክ ተቀዶ ውስጡ ሲወጣና የነርቭን ሥር ሲጫን ከወገብ እስከ እግር የሚወርድ ሕመም እንደሚያመጣ አስረዱ። ሆኖም ከእንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛው ያለ ቀዶ ጥገና ይሻላል። ቀድሞ ወገቡን ለታመመ ሰው የብዙ ቀን የአልጋ ዕረፍት ይታዘዝ ነበር፤ ዛሬ ግን ሐኪሞች የሚመክሩት እንደ ዐቅም መንቀሳቀስን ነው።

ነገር ግን የእግር መዛል፣ በጭን መካከል መደንዘዝ፣ ሽንትን ለመሽናት ወይም ለመቈጣጠር አለመቻል ከታየ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል፤ መዘግየት ዘላቂ ጕዳት ያስከትላልና።

እንግዲህ መዝገቡ ቢበዛም ከወንበራችሁ በየጊዜው ተነሡ፤ ጥቂት ተራመዱ። ሥራው አይጐዳም፤ ወገባችሁም ይጠቀማል።