ጠርሙሱና ቆንጆዋ

የቢራ ማስታወቂያ ስለ ቢራው ጣዕም የሚያወራው ጥቂት ነው። በማስታወቂያው አንድ ወጣት ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጠርሙሱ ሲከፈት ሙዚቃው ይደምቃል፣ ቆንጆዋም ፈገግ ትልለታለች። ማስታወቂያው የሚነካካው «እንዲሁ ብቀርባት አልበቃትም» የሚለውን የወንድ ልጅ ስጋት ነው። ሴቷን የጠርሙስ ምርቃት ማድረጉ ደግሞ ያሳፍራል።

አልኮል ፍርሃትን ለጊዜው ያስረሳል፤ ሲበዛ ግን አንደበት ያኮላትፋል፣ አዘውትረው ሲያበዙትም ስንፈተ ወሲብ ሊያመጣ ይችላል።

የብሪታንያ የማስታወቂያ ደንብ መጠጥን ከማማለልና ከወሲብ ስኬት ጋር ማያያዝን ይከለክላል። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። በስልካችን የሚደርሰን የውጭ ማስታወቂያ ግን አሁንም ያንኑ ወጣት ያሳየናል።