ማሕፀን እንዴት ይኰማተራል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሥነ ሕይወት ክበብ ተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



ስለ ማሕፀን ልንናገር ማሰባችንን በነገርናቸው ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አንዳንዶቹም አንገታቸውን ደፉ። እኛ ግን የሚያስቅም የሚያሳፍርም አላገኘንበትም። በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል በዚያ ቤት ያላደረ የለምና።

ማሕፀን ጡንቻ ነው። ይኸውም እንደ ክንዳችን በፈቃዳችን የምናዝዘው ሳይሆን እንደ አንጀት በራሱ ሥርዓት የሚሠራ ልሙጥ ጡንቻ ነው። ዘጠኝ ወር ጸጥ ብሎ ልጁን ይሸከማል፤ ጊዜው በደረሰ ጊዜ ግን በብርቱ ይኰማተራል። ጸጥታውን በይበልጥ የሚጠብቀው ፕሮጀስቴሮን የተባለው ሆርሞን ሲሆን፣ ለምጡ የሚያሰናዳው ደግሞ ኤስትሮጅን ነው።

የሚያኰማትረው ግን ካልሲየም ነው። ጡንቻው ባረፈበት ሰዓት ከሕዋሱ ውጭ ያለው ካልሲየም በውስጡ ነጻ ሆኖ ከሚገኘው 10,000 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ነገሩ እንደ ተገደበ ውኃ ነው፤ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያሉት ጥቃቅን በሮች ሲከፈቱ ይገባል። ከገባም በኋላ ካልሞዱሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱም አንድ ኤንዛይም ይቀሰቅሳሉ፤ በዚህ ጊዜ አክቲንና ማዮሲን የተባሉት ክሮች ይሳሳቡና ሕዋሱ ያጥራል።

እንግዲህ በሩን የሚከፍተው ኤስትሮጅን ነውን? እኛም በመጀመሪያ እንዲህ መስሎን ነበር። ዳሩ ግን በቤተ ሙከራ የአይጥ ማሕፀን ቁራጭ ብዙ ኤስትሮጅን ባለበት ውኃ ውስጥ ሲነከር፣ የሚገባው ካልሲየም ይቀንስና ጡንቻው በደቂቃዎች ውስጥ ይላላል። የማሰናዳት ሥራውን የሚፈጽመው በቀናት ነው። ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ አዳዲስ ፕሮቲኖች እንዲሠሩ ያደርጋል። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ጐረቤታም ሕዋሶችን የሚያገናኙ ቀዳዳዎች ይሆናሉ። በደቦ አጨዳ አንዱ ሲያዜም ሌላው እየተቀበለ ሁሉም በአንድነት እንደሚያጭድ፣ ሕዋሶቹም በእነዚህ ቀዳዳዎች እየተጠራሩ በአንድነት ይስባሉ። ሌሎቹ ደግሞ ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞን የሚቀበሉ ናቸው። ኦክሲቶሲን ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ በሕዋሱ ውስጥ የተከማቸው ካልሲየም ይለቀቃል፤ የውጭውም ይጨመርበታል።

ሄንሪ ዴል የተባለው እንግሊዛዊ ከአንጐል ሥር ካለችው ዕጢ የወጣ ጭማቂ ማሕፀንን እንደሚያኰማትር ያስታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ነው። ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1953 ኦክሲቶሲንን በቤተ ሙከራ ሠራው፤ በ1955ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ይህ ሁሉ ለደባርቅና ለዳባት ሰው ምን ይሆነዋል? ልጅ ተወልዶ እልል ሲባል ሁሉም ወደ ሕፃኑ ይመለከታል፤ አደጋው ግን ያን ጊዜ በእናቲቱ ላይ ነው። በእርግዝና መጨረሻ በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ደም ወደ ማሕፀን ይፈስሳል። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ደም ሥሮቹ ክፍት ይሆናሉ። የሚዘጋቸው በመካከላቸው የተጠላለፈው ጡንቻ ነው፤ ሲኰማተር አንቆ ይይዛቸዋል። ጡንቻው ከዛለ ግን ደሙ አይቆምም። ከሰሜን ተራራ ሥር ካለ መንደር እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ የሚወስደው ሰዓት ስንት እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ የተሸከማችሁት አባቶች ታውቃላችሁ።

ስለዚህ አዋላጂቱ ልጁ እንደ ተወለደ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጋለች። መድኃኒቱ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በደባርቅ ብርድ ለለመድነው ይህ ቀላል ይመስላል፤ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ለደረሰ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ሚሶፕሮስቶል የተባለው እንክብል ይሰጣል፤ እርሱ ብርድ አይፈልግም።

አንዲት እናት ስንዘጋጅ ሰምተውን፣ «እንግዲያው ጤፍ አብዝታ የበላች ቶሎ ትወልዳለች?» ብለው ጠየቁን። ጤፍ በእውነት ካልሲየም አለው፤ ለሕፃኑም አጥንት ይጠቅማል። ነገር ግን ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም መጠኑን ጠብቆ ይይዛል፤ ቢጐድልም ከእናቲቱ አጥንት ይበደራል። ስለዚህ ምጥ በእንጀራ አይፋጠንም።

አንድ ነገር ግን በየቤቱ ይገኛል። ሕፃን ጡት ሲጠባ የእናቲቱ ዕጢ ኦክሲቶሲን ያፈልቃል፤ ማሕፀኗም ይኰማተራል። እንገሩ ቆሻሻ ነው ተብሎ ሲታለብና ሲደፋ፣ ለሕፃኑም ቅቤ ሲቀመስለት የቈየበት ቤት ከመካከላችን ብዙ ነው። በዚያ መካከል የሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች፣ አሁን የነገርናችሁ ጡንቻ እጅግ ሊሠራባቸው የሚገባው ሰዓቶች ናቸው።

ጥያቄ ያለው ይጠይቀን፤ የምንችለውን እንመልሳለን፤ የማንችለውን አዋላጆቹን ጠይቀን በሚመጣው ሳምንት በሰልፍ ላይ እናሰማለን።